«ኮሌጅ ለመማር አሜሪካ ድረስ?»

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰላም ጋሼ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ካርልተን የሚባል ኮሌጅ ተቀብሎኛል። ከሞላ ጎደል ሙሉ ወጪዬን ይችላል። ግን እዚህ ስሙን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ከተማው ትንሽ ነው፣ ተማሪው በሙሉ 2,000 ገደማ ነው። አባቴ ‹ኮሌጅ ለመማር አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደሽ? እዚሁ ሞልቶ የለም ወይ?› ይለኛል። ሊበራል አርትስ ሲባል ደግሞ ሥዕል ልማር የምሄድ መስሎታል። እኔ የምፈልገው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። እሱ ሐኪም እንድሆን ነው የሚፈልገው። እዚያ ያለው ኑሮ እውነቱን ምን ይመስላል? ልሂድ ወይስ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ እስኪመጣልኝ ልጠብቅ?»

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። እንደ አንቺ 12ኛን የጨረሱ ልጆች እንዲህ ያሉ ኮሌጆች እንዲገቡ ማማከር ሥራዬ ስለሆነ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ እሰማዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ግን አባቶቹ ናቸው።

ስለዚህ ከአባትሽ ልጀምር። አይፈረድባቸውም። እኛ አገር ኮሌጅ ሲባል ዓይናችን ላይ ድቅን የሚለው ከታች ካፌ፣ ከላይ የጥርስ ክሊኒክ ያለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታፔላ የሰቀለ ትምህርት ቤት ነው። አሜሪካኖቹ ቃሉን ለሌላ ነገር ነው የሚጠቀሙበት። ካርልተን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። ከዓድዋ ድል በ30 ዓመት ይቀድማል በያቸው። የሚሰጠው የአራት ዓመት ዲግሪ ነው። ማስተርስና ዶክትሬት የለውም። ደግሞም የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ሲጀምር ስሙ «ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ» ነበር። ይህን ስነግራቸው ዝም የሚሉ አባቶች አጋጥመውኛል።

ማስተርስ አለመኖሩ ጉድለት ይመስላል። ለአንቺ ግን ትርፍ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ አንደኛ ዓመት ላይ ወረቀትሽን የሚያርመው ብዙ ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ፕሮፌሰሩን የምታዪው 300 ሰው ከሚይዝ አዳራሽ ኋላ ወንበር ላይ ሆነሽ ነው። እንደ ካርልተን ባለ ቦታ አብዛኛው ክፍል ከ20 ሰው በታች ነው። ያስተማረሽ ሰው ራሱ ያርምሻል። ላብ ውስጥ ረዳት ሲፈልግም የሚመርጠው ከእናንተው ውስጥ ነው፤ ሌላ ተማሪ የለውማ።

«አርትስ» የሚለው ቃል ያሳሳተው ብዙ ሰው ነው። ሂሳብም፣ ፊዚክስም፣ ኮምፒውተር ሳይንስም እዚያ ውስጥ አሉ። እንዲያውም ኮምፒውተር ሳይንስ ካርልተን ውስጥ ብዙ ተማሪ ከሚጎርፍባቸው ትምህርቶች አንዱ ነው። ልዩነቱ ማንም በውጤትሽ ዲፓርትመንት አይመድብሽም። ሁለተኛ ዓመት ማብቂያ ላይ ራስሽ ትመርጫለሽ። እስከዚያ ግን ከየዘርፉ ትቀምሻለሽ። የላብ ሳይንስ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ አዎ፣ ምናልባት ሥዕልም። እኛ አገር አሁን ፍሬሽማን ላይ እንደሚሰጡት ሎጂክና አንትሮፖሎጂ አስቢው፤ ብቻ ምርጫው ያንቺ ነው።

ስለ ሕክምና ግን እቅጩን ልንገርሽ፤ ለአባትሽም አንብቢላቸው። አሜሪካ ውስጥ ሕክምና የሚጀመረው ከዲግሪ በኋላ ነው። አራት ዓመት ኮሌጅ፣ ከዚያ ሌላ አራት ዓመት። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ የውጭ ዜጋ አይቀበሉም። የሚቀበሉትም ገንዘብ እምብዛም አይረዱም። ሐኪም መሆን ብቻ ነው የምፈልገው የሚል ልጅ ከመጣ እኔ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ገብቶ ቢማር ይሻለዋል እላለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ስትመረቂ በተማሪ ቪዛሽ ለአንድ ዓመት በሙያሽ መሥራት ትችያለሽ፤ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ተጨማሪ ሁለት ዓመት አለ።

አሁን ወደ ኑሮው።

ብዙ ሰው ትንሽ ኮሌጅ ሲባል የሚፈራው ብቸኝነትን ነው። እኔ የላክኋቸው ልጆች የተቸገሩት ግን በተቃራኒው ነው፤ መደበቂያ የለም። ክፍል ውስጥ 16 ሆናችሁ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ስትቀመጡ ዝም ብለሽ መዋል አትችዪም። እኛ ዝምታን ከጨዋነት ነው የምንቆጥረው። እዚያ ዝም ያለ ተማሪ ወይ አላነበበም፣ ወይ ጉዳዩ አላሳሰበውም ማለት ነው። መናገር ራሱ ግሬድ አለው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሳይመቻችልሽም፣ አንድ ነገር ተናገሪ። ጥያቄም ቢሆን። ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ከቆየሽ አፍሽን መክፈት እንደ ሰርግ ንግግር ይከብድሻል።

ጊዜውም አይጠብቅም። ካርልተን ዓመቱን በሦስት ተርም ነው የሚከፍለው። አንዱ ተርም 10 ሳምንት ነው፣ በአንዴ የምትወስጂው ሦስት ኮርስ። ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን አምስተኛው ሳምንት ላይ ሚድ ነው። አሥረኛው ላይ ኮርሱ አለቀ። ጉንፋን ይዞሽ አንድ ሳምንት ብትተኚ ከኮርሱ አንድ አሥረኛው ሄደ ማለት ነው። አገር ቤት «ፈተና ሲደርስ እገባበታለሁ» ይል የነበረ ሰቃይ ተማሪ መጀመሪያ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ሌላ ትንሽ ኮሌጅ የላክኋት ልጅ ነበረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ነው የወጣችው። የመጀመሪያዋን ድርሰት ሲ አመጣች። ለማንም አልነገረችም። ካፌ ሰው ሲያልቅ እየሄደች ብቻዋን መብላት ጀመረች። ከዚያ ፕሮፌሰሯ «ነገ ቢሮዬ ብቅ በይ» ብላ ጻፈችላት። ልጅቷ በእኩለ ሌሊት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሊያባርሩኝ ነው መሰለኝ» አለችኝ። እኛ እኮ ቢሮ የምንጠራው ስናጠፋ ነው።

በማግስቱ ስትሄድ ፕሮፌሰሯ ሻይ አፍልታ፣ ድርሰቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀቻት። «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለቻት። አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ አስቆመቻት። «ድርሰትሽ እዚህ ጋ ነው የጀመረው» አለች። ልጅቷ ሦስት ገጽ ሙሉ መንገድ ስትጠርግ ነበር። አንባቢው እንዳይደነግጥ፣ ነገሩ ቀስ ብሎ እንዲመጣ። የምትለውን መጀመሪያ መናገር ድፍረት መስሏት ነበር። እኛ ሰላምታ ሳናበዛ ወደ ጉዳይ አንገባማ። የአሜሪካ ድርሰት ግን ጉዳዩን ከደጃፉ ነው የሚፈልገው። ሦስቱን ገጽ ቆርጣ ጣለች። ቀጣዩ ድርሰቷ ቢ ፕላስ ሆነ።

ይህን የነገርኩሽ ለውጤቱ ብዬ አይደለም። አንድ ሰው ዝም ማለቷን አይቶ ጻፈላት። 40,000 ተማሪ ባለበት ቦታ ይህ የሚሆነው በዕድል ነው። ፕሮፌሰሮቹ በየሳምንቱ ለተማሪ ክፍት የሚሆኑበት ሰዓት አላቸው። ሳይከፋሽ ሂጂ። ሲገባሽም ሂጂ።

ስማቸውን በተመለከተ ብዙዎቹ «በስሜ ጥሪኝ» ይሉሻል። እኛ በስም መጥራት አዲሳችን አይደለም፤ ጠቅላይ ሚኒስትራችንንም በስማቸው ነው የምንጠራው። የሚከብደው «እርስዎ» የሚባል ነገር እንግሊዝኛ ውስጥ አለመኖሩ ነው። «ዶክተር» ሲቀር አፋችን ባዶውን የቀረ ይመስለናል። በነገራችን ላይ አንቺን በአባትሽ ስም ነው የሚመዘግቡሽ። ዝርዝር ላይም፣ ኢሜይልሽም ላይ እሳቸው ናቸው ፊት የሚወጡት። ይህን ሲሰሙ ትንሽ ይለሳለሱ ይሆናል።

ስለ ኩረጃ አንዲት ነገር። እኛ «አንድ ለአምስት» ተደራጅተን ያደግን ልጆች ነን። አሳይመንት ተባብሮ መሥራት ነውር አይመስለንም። እዚያ አንዳንዱ ኮርስ ተባበሩ ይላል፤ ሌላው የጓደኛሽን ኮድ ማየት ይከለክላል። ከሰው የወሰድሽው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ስርቆት ነው። በየኮርሱ መጀመሪያ የሚሰጥሽን ወረቀት አንብቢ። ያልገባሽን ጠይቂ። «አላውቅም ነበር» ማለት አያድንም።

ኖርዝፊልድ፣ ማለትም ኮሌጁ ያለበት ከተማ፣ 20,000 ገደማ ሰው ይኖርበታል። ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መፈክሩ «ላሞች፣ ኮሌጆችና እርካታ» ነው። ቀልድ አይደለም። ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ ሴንት ኦላፍ የሚባል ሌላ ኮሌጅ አለ። ከተማው ለዘመናት የገንፎ እህል ሲያዘጋጅ የኖረ ፋብሪካም አለው፤ ነፋሱ ሲያመጣው ከተማው በሙሉ ገንፎ ገንፎ ይሸታል። እ.ኤ.አ. በ1876 ዝነኛው ሽፍታ ጄሲ ጄምስና ጓዶቹ ባንኩን ሊዘርፉ መጥተው የከተማው ሰው ተታኩሶ መልሷቸዋል። እስካሁን በየዓመቱ መስከረም ላይ ያከብሩታል። አንቺ ሻንጣሽን ፈትተሽ ሳትጨርሺ ፈረስና የውሸት ተኩስ ታዪያለሽ።

ግቢው ራሱ ዓለም ነው። ተማሪው ከሞላ ጎደል በሙሉ አራቱንም ዓመት ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው። ከጀርባው ከ300 ሄክታር በላይ የሆነ ደንና ሜዳ አለ። መሃሉ ላይ ተማሪው «መላጣው» ብሎ የሚጠራው ሰፊ ሣር አለ። ብርዱ ሲገባ ውኃ ይለቁበትና በረዶ ሲሠራ ይንሸራተቱበታል። መውደቅሽ አይቀርም፤ ሁሉም ይወድቃል። አርብ አርብ አበባ ይሸጣል። ተማሪው አንዳንድ ዘለላ እየገዛ የጓደኛው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ፈተና ላይ ከርመሽ ሳጥንሽን ስትከፍቺ አበባ ታገኛለሽ።

ከሁሉም የምወድላቸው ግን ዴሲ ሞዘስ የሚሉትን ቤት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሴትዮ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያርፉ ቤታቸውን ለኮሌጁ ተዉ። በሕይወት እያሉም በራቸው ለተማሪ ክፍት ነበር። ዛሬም ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ ሁልጊዜ አለ። ማንም ገብቶ ብስኩት መጋገር ይችላል። ግዴታው የጋገርሽውን ለሌላው ማስቀረትና ዕቃሽን ማጠብ ነው። አገር ቤት እንዲህ ያለች የሰፈር እናት አታጪም። እዚያ ማግኘት ግን ያስገርማል።

ሰፈር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ትንሽ ኮሌጅ እንደ ሰፈር ነው፤ ከነሐሜቱ። ከጓደኛሽ ጋር ብትጣዪ ቁርስ ላይ ታገኛታለሽ፣ ላብ ላይ ታገኛታለሽ፣ ማታም ልብስ ማጠቢያው ጋ። ከወንድ ጓደኛ ጋር የተለያየ ሰውማ አይነሳ። አንዳንዱ ልጅ ይህ ያፍነዋል። ማንም የማያውቀው ከተማ መሃል መጥፋት የሚያስደስተው ዓይነት ሰው ከሆንሽ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይሻልሻል። ራስሽን ታውቂያለሽ።

ከተማው በብዛት የነጭ ነው። «ጥቁር» የሚለው ስም መጀመሪያ የሚሰጥሽ እዚያ ይሆናል። ከየት ነሽ የሚልሽም አይጠፋም። ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያን የመጡና አሜሪካ የተወለዱ ጥቁር ተማሪዎች ማኅበር አላቸው። «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብለሽ አትራቂ። የሚያስረዱሽ ነገር አለ።

ብርዱ። እውነት ነው፣ ከዜሮ በታች 30 የሚደርስባቸው ቀናት አሉ። ጥር መግቢያ ላይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ካፖርት ከመርካቶ ገዝተሽ አትሂጂ፤ እዚያ ከደረስሽ ሰልቫጅ በርካሽ ታገኛለሽ። ከካፖርቱ በላይ ጫማው ላይ አትሰስቺ። የካቲት ላይ ያለ ምክንያት ከአልጋ መነሳት ካቃተሽ ስንፍና ነው ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ብርሃን ማጣት ሰው ያደክማል። ግቢው ውስጥ የምታማክሪው ባለሙያ አለ።

ከብርዱ ይልቅ ማንም የማያስጠነቅቀው ነገር ዕረፍቱ ነው። የመጀመሪያው ተርም የሚያልቀው ኅዳር ውስጥ፣ ከምስጋና ቀናቸው በፊት ነው። ሁለተኛው የሚጀመረው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ። መሃል ላይ ስድስት ሳምንት ገደማ አለ። አሜሪካኖቹ ቤታቸው ይሄዳሉ። ግቢው ጭር ይላል፣ ካፌው ይዘጋል። አንቺ ደግሞ ለአውሮፕላን ገንዘብ የለሽም። ዶርም መቆየት ይፈቀድ እንደሆነ፣ ምግቡን ማን እንደሚችል አሁኑኑ ጠይቂ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው፤ በተለይ ኦሮምኛ ተናጋሪው ብዙ ነው። እንጀራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ አለ። ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ ካለሽ ከመስከረም ጀምረሽ ሰላም በያቸው፤ ኅዳር ላይ ብድግ ብለሽ «ልምጣ ወይ» ከማለት ይሻላል። የእኛ ገና የሚውለው ልክ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ነውና እሱን ክፍል ውስጥ ነው የምታሳልፊው።

ጾም እንደምትፈሪው አይከብድም። ካፌዎቹ ከሥጋና ከወተት ነፃ የሆነ ምግብ በየቀኑ አላቸው። የሚከብደው ፋሲካ ነው። ብዙ ዓመት ከእነሱ ጋር አይገጥምም፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ክፍል አለሽ።

ቡና ደግሞ ተቆልቶ የተፈጨ ይዘሽ ሂጂ። ሌላ ቦታ የላክኋቸው ሁለት ልጆች ለጓደኞቻቸው ቡና እናፍላ ብለው የዶርሙ ወጥ ቤት ውስጥ መቁላት ጀመሩ። ጭሱ ገና ጣሪያው ሳይደርስ የእሳት ማንቂያው ጮኸ። ሌሊት ነው፣ ጥር ነው። ሕንፃው በሙሉ በፒጃማና በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ወጣ። የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ እስኪያጣራ ቆሙ። እነሱ ምጣዱን ይዘው። ዕጣንም መኝታ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው። ጀበናው ግን ችግር የለውም፤ ከቡናው በላይ ሰው የሚሰበስብልሽ እሱ ነው።

ገንዘቡ ላይ ተጠንቀቂ። «ከሞላ ጎደል ሙሉ» ብለሻል። ደብዳቤውን አውጪና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ተመልከቺ። «የተማሪ ሥራ» የሚል መስመር ካለ ያ ገንዘብ አይሰጥሽም፤ ሠርተሽ ነው የምታገኚው። ካፌ ሳህን ታነሺ ይሆናል፣ ቤተ መጻሕፍት ትቀመጪ ይሆናል። ቪዛሽ ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይፈቅዳል፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ተርም ከ10 እንዳታልፊ እመክራለሁ። ብድር የሚል መስመር ካለ ለብቻው ጻፊው። የቤተሰብ መዋጮ የሚል ካለ በአራት አባዢው፤ አንድ ዓመት ብቻ አይደለም የምትማሪው። የጤና መድን፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ለአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ (ሴቪስ ይሉታል) የሚከፈለው 350 ዶላር፣ የቪዛው ክፍያ ውስጡ መካተታቸውን አጣሪ።

ልሂድ ወይስ ልጠብቅ ላልሽው፣ እኔ ብሆን እሄዳለሁ። ሌላ ዓመት ብትጠብቂ ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ይመጣ ይሆናል። ግን ለውጭ ተማሪ ይህን ያህል ወጪ የሚችል እጅግ ጥቂት ነው። የታወቀ ስም ከግማሽ ክፍያ ጋር መጥቶላቸው በሁለተኛው ዓመት አቋርጠው የተመለሱ ልጆች አውቃለሁ። የማይታወቅ ስም ከሙሉ ክፍያ ጋር ያገኙት ተመርቀዋል። ስሙን አዳማ ላይ የሚያውቅ አለመኖሩ ብዙ አያስጨንቅሽ። ነገ የሚቀጥርሽ ወይም ለማስተርስ የሚቀበልሽ ሰው ያውቀዋል። ካርልተን ከመጠኑ ጋር ሲተያይ ብዙ ተማሪ ወደ ዶክትሬት በመላክ የታወቀ ነው።

መልስ የሚሰጥበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት ለተቀበለሽ ቢሮ ሦስት ነገር ጠይቀሽ ጻፊ፦ የዕረፍቱን መኖሪያ፣ የጤና መድኑን፣ ቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ላይ ዕርዳታው የሚቀንስበት ምክንያት ይኖር እንደሆነ። አጭር አድርጊው። ጥያቄዎቹ አራተኛው መስመር ላይ ሳይሆን መጀመሪያው ላይ ይሁኑ። «ዲር ሰር» ብለሽም አትጀምሪ፤ የጻፈችልሽ ሴትዮ ስሟን ከደብዳቤው ሥር አስቀምጣልሻለች።